ሰመሩም አልወጣ አለ፣ ክርክሩም አላለቀ

ኦክቶበር ተጋምሶ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አሁንም ኤሲ ይበራል። ቅጠሉ ቢጫ ልሁን አልሁን እያለ ያቅማማል። ጧት ቀዝቀዝ ስለሚል ጃኬት ደርቤ እወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እሱን ተሸክሜ ስዞር እውላለሁ። ድሮም የዚህ ከተማ አየር አይታመንም። በፈረንጆቹ 2019 ኦክቶበር 2 ቀን ሙቀቱ 98 ዲግሪ ፋራናይት ገብቶ ነበር፤ በዚህ ወር እንዲህ ያለ ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም።

የሰመሩ መቆየት አንድ ጣጣ አለው። ሰው ደጅ ይቀመጣል። ደጅ የተቀመጠ ሐበሻ ደግሞ ፖለቲካ ሳያነሳ አይነሳም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ፣ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ። በ1961 ዓ.ም. ክረምት ጃንሆይ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጋ ሲመጡ የኢትዮጵያ ተማሪዎች እዚሁ ዲሲ ያለውን ኤምባሲ ገብተው ይዘውት እንደነበር የሰማሁት ከሳቸው ነው። እሳቸው ያኔ ሌላ ስቴት ይማሩ ነበር፣ አልነበሩበትም። ግን ወሬውን ትናንት የሆነ ያህል ያወሩታል። «ጃንሆይ ይውረዱ እንላለን። ከዚያስ ማን ይመጣል ብሎ የጠየቀ ልጅ አድኃሪ ይባላል። አለቀለት» አሉኝ።

ጃንሆይም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። መፈክሩ «ያለ ምንም ደም» ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ 60 የሚያህሉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ አብዛኞቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት ናቸው። ከዚያ ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የግራ ፓርቲዎች ተፋጁ። እዚህ አገር አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖሩ የነበሩ ልጆች ሰላምታ ተነፋፈጉ ይላሉ ጋሼ፣ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬም እንደተኳረፉ ነው፣ አርጅተውም፣ ልጅ ድረውም።

«ታሪክ ራሱን ደገመ» ሲባል ስሰማ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሁላችንም እንለዋለን፣ ግን እያንዳንዳችን ታሪኩን የምንጀምረው ከሚመቸን ዓመት ነው። አንዱ ከ1966 ይጀምራል፣ አንዱ ከግንቦት 1983፣ አንዱ ከመጋቢት 2010፣ ሌላው ደግሞ ምኒልክ ጋ ሄዶ ካልጀመረ ደሙ አይረጋም። ከመሀል የጀመረ ሰው ደግሞ ድግግሞሹ አይታየውም፣ የሚታየው የሱ ወገን የተበደለበት ዙር ብቻ ነው። የኔ መጀመሪያ 1997 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ገና ጎረምሳ። ሰልፉንም አይቻለሁ፣ ከምርጫው በኋላ የሆነውንም። አጣሪ ኮሚሽኑ የተገደሉት ሲቪሎች 193 ናቸው ያለውን ቁጥር እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። የ1969ኙን ቀይ ሽብር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የማውቀው ከሰው አፍ ነው፤ አይቆጠቁጠኝም ባልልም እንደ 97ቱ አያመኝም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲሲ ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» ነበር መፈክሩ። አለቀስኩ። አላፍርበትም። አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ሰው አቅፌ ነው ያለቀስኩት። ጋሼ በዚያን ቀን ቤታቸው ነበሩ፣ «እልልታውን በ67ም ሰምቼዋለሁ» ብለው። እኔ ደግሞ ሟርት መሰለኝና ተቀየምኳቸው። በጥቅምት 2013 የትግራዩ ጦርነት ሲጀመር አንድም ቀን «ብዬህ አልነበር» አላሉኝም፣ ይኼ ትልቅነታቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት ያለው መንገድ ያላየው ሰልፍ የለም። ቦታው ያው ነው፣ ሜጋፎኑም ያው ነው፣ የሚለወጠው ባንዲራው ነው። በአንድ ወቅት እጅ ለእጅ ተያይዘው የጮሁ ሰዎች በየተራ መጥተው አንዱ ሌላውን ሲከስ ይውላል፣ ፖሊሶቹ እንኳ ለምደውናል።

ሰሞኑን ይኼን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው፣ ከየት መጀመር እንዳለብንም ጠየቅኳቸው።

«ከየትም ጀምር፣ ግን የሌላውንም መጀመሪያ ስማ» አሉኝና ቡናቸውን ጠጡ። ከዚያ የሳቸው ጨዋታ ወደ ታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሄደ፣ እኔም ሰማሁ፣ መሸ፣ ብርድ የሚባል ነገር ስለሌለ ማንም ወደ ቤት ለመግባት አልቸኮለም።

ለቅዳሜ ሁለት ሰልፍ ተጠርቷል። አንዱ ጧት፣ ሌላው ከሰዓት፣ ቦታው አንድ ነው፣ ጥያቄያቸው ግን አይገናኝም። ጋሼ ሁለቱም ጋ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። «እንዴት ሁለቱም ጋ?» ብላቸው «ሁለቱም ጋ የማውቃቸው ልጆች አሉ» አሉ። እኔ ገና አልወሰንኩም።