ኤል ቻፖን የጣለው ጆሮው ነው

ስለ ሜክሲኮው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ስለ ኤል ቻፖ (ስሙ ጆአኪን ጉዝማን ነው) ወሬ ከተነሳ ዋሻው ሳይነሳ አይቀርም። እውነትም ያስወራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሜክሲኮው አልቲፕላኖ እስር ቤት ያመለጠው ከሻወሩ ሥር በተከፈተች፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነች ቀዳዳ ነው። በመሰላል 10 ሜትር ያህል ተወርዶ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋሻ ይገኛል፤ መብራትና የአየር ቱቦ ተዘርግቶለታል፣ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ሞተር ሳይክልም ነበረው። ሻወሩ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እስረኛ ሲታጠብ እንዳይታይ ተብሎ የክፍሉ ካሜራ እዚያ ጋ በደንብ አያይም።

ያበለጸገው ፍጥነት ነው። ኮኬይኑን የሚልኩት ኮሎምቢያውያን ወደ አሜሪካ ለሚያስገቡላቸው የሜክሲኮ አሻጋሪዎች ከጭነቱ 37 በመቶ ሲሰጡ፣ ጉዝማን 40 ጠየቀ። ሰጡት። ከሌላው ፈጥኖ ያደርስላቸዋላ! ከሜክሲኮዋ አጓ ፕሪዬታ ድንበር ተሻግሮ ወደ አሪዞናዋ ዳግላስ ያስቆፈረው ዋሻ አፉ የተደበቀው በሃይድሮሊክ ከነወለሉ በሚነሳ የፑል ጠረጴዛ ሥር ነበር። ኮኬይን ደብቆ የሚያሻግርበት የቃሪያ ጣሳም ነበረው። ኮኬይኑን ጣሳው ውስጥ ሲጠቀጥቁ ብናኙ እየተነሳ አሻጊዎቹ በሥራ ላይ ይሰክሩ እንደነበር ቀድሞ አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ተናግሯል።

የስልኩ ጉዳይ ግን ለእኔ ከዋሻው ይበልጣል። አንድ ኮሎምቢያዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በኢንተርኔት የሚሠራ፣ ንግግርን በምስጢር ኮድ የሚቆልፍ መስመር ዘረጋለት። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ፖሊስ ብዙ ይለፋ ነበር። እሱ ግን መደበቁ አልበቃው ብሎ ሚስቱ፣ ውሽሞቹና የቅርብ ሰዎቹ የሚሉትን መስማት አማረው። በሚያድላቸው ስልኮች ላይ ፍሌክሲስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም አስጫነ። ደውሎ ያወራል፣ ይዘጋል፤ ወዲያው የዚያኑ ስልክ ማይክሮፎን ከሩቅ ከፍቶ እንዴት እንደሚያሙት ያዳምጣል።

ኮዱን የሰበረው የለም። ችግሩ ቁልፉም፣ ጥሪዎቹ የሚያልፉበት ኮምፒውተር (ሰርቨሩ)ም፣ የስለላው መዝገብም በአንድ ሰው፣ በዚያው ኮሎምቢያዊ ባለሙያ እጅ መሆኑ ነበር። የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ በ2011 ያንን ሰው ወደ ራሱ አመጣው። ሰውየው ቁልፎቹን አስረከበ፤ ሰርቨሩንም ከካናዳ ወደ ኔዘርላንድስ አዛወረው፣ እዚያ በሕግ ትብብር ጥሪዎቹን መቅዳት ይቻል ነበርና። ፍሌክሲስፓይ ያጠራቀመው መልእክትም አብሮ ተገኘ። ጉዝማን በ2012 በሜክሲኮዋ ሎስ ካቦስ ከፖሊስ ለጥቂት ካመለጠ በኋላ ለሚስቱ የጻፈላት ሳይቀር አለበት፦ 32 ቁጥር ሱሪ፣ ሻምፑ፣ ጥቁር የጢም ቀለም። ሚስቱን ለመሰለል ያስጫነው ፕሮግራም የራሱን ቃል ለዐቃቤ ሕግ አስቀመጠለት።

ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ላይ በየካቲት 2019 በ10ሩም ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። በሐምሌ ዕድሜ ልክና 30 ዓመት ተፈረደበት፣ 12.6 ቢሊዮን ዶላርም እንዲወረስበት ተወሰነ፤ ገንዘቡን ግን ከየት እንደሚያገኙት እንጃ።