ሁለት ቤት በአንድ መንደር

በባልካን አገሯ ሞንቴኔግሮ፣ ከባሕር ዳሯ ከተማ ከኮቶር ወደ ኜጉሺ የሚወጣው መንገድ ሆድ ይገለብጣል። ኩርባው 25 ነው ይላሉ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የወጣሁት።

ኜጉሺ ትንሽ መንደር ናት። ቱሪስት የሚጎርፍባት በጭስ ለደረቀው የአሳማ ሥጋዋና ለአይቧ ነው። ሥጋው ይለፈኝ ብዬ አይቡን በዳቦ በላሁ። ግሩም ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፤ ሞንቴኔግሮን የተሻሙት ሁለት ቤተሰቦች የዚችው መንደር ልጆች ናቸው።

ከፔትሮቪች ቤት ቭላዲካው ይወጣል፤ ጳጳስም ገዢም ነው። መነኩሴ ልጅ የለውምና መንበሩ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ያልፋል። የራዶኚች ቤት ደግሞ ጉቨርናዱር የሚባለውን የዓለማዊ ገዢ ሹመት ያዘ። ሹመቱ በ1717 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያኔ ኮቶርን ትገዛ በነበረችው በቬኒስ ግፊት የመጣ ነው። ቬኒስ ከጳጳሱ ጎን የራሷን ሰው ማስቀመጥ ፈለገች። መጀመሪያ የቩኮቲች ቤት ነበር የያዘው፤ ኋላ ወደ ራዶኚቾች ዞሮ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ጀመር። ጳጳሱ ወደ ሩሲያ ሲያይ፣ ጉቨርናዱር ዮቫን ራዶኚች ወደ ኦስትሪያ ያይ ነበር። እንዲህ ተያይቶ መኖር የት ድረስ ይዘልቃል?

በ1830 ቭላዲካ ቀዳማዊ ፔታር ሞቱ። የተተካው የወንድማቸው ልጅ፣ በኋላ ኜጎሽ ተብሎ ታላቅ ባለቅኔ የሆነው፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነው። ጉቨርናዱር ቩኮላይ ራዶኚች ልጁን ሳይንቀው አልቀረም። ያኔ በኦስትሪያ እጅ በነበረችው ኮቶር ካሉት ሹማምንት ጋር ተላልከሃል ተብሎ በክህደት ተከሰሰ። ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስር ተለወጠ፤ በመጨረሻም ከአገር ተባረረ። ሹመቱም አብሮ ተሻረ። መላላኩ እውነት ይመስለኛል፤ ግን ጥሩ ሰበብም ሆነ።

የቭላዲካዎቹ መቀመጫ በነበረችው ጼቲኜ ከተማ ኜጎሽ በ1838 ያሠራው ቤተ መንግሥት አለ። የቢሊያርዶ ጠረጴዛውን ሰዎች ከኮቶር ተሸክመው ነው ያወጡት። እኔን በመኪና ያዞረኝን አቀበት!

የሚያስቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ዓለማዊ ገዢን ያባረረው ቤት ራሱ ምንኩስናውን ተወ። በ1852 የኜጎሽ ተተኪ ዳኒሎ ጵጵስናውን ትቶ ልዑል ተባለ፤ በ1855 የትሪየስቴ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን ዳሪንካን አገባ። በ1860 ኮቶር ውስጥ ተገደለ። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ አልጋውን የወረሰው የወንድሙ ልጅ ኒኮላ ነው።