መንጋጋው ከገዛ ራስ ቅሉ ጋር አልገጥም ሲል

ለአንድ የሥነ አካል ትምህርት ክፍል 62 የራስ ቅሎችን፣ መንጋጋዎችንና የጭን አጥንቶችን በባለ ሦስት አውታር ሞዴል ቀርጬ በቨርቹዋል ሙዚየም ለማሳየት ስነሣ ያስጨነቀኝ የካሜራውና የሶፍትዌሩ ነገር ነበር። ሁለቱም አላስቸገሩኝም። ፈቃዱን በደብዳቤ ጠይቄ ተሰጠኝ፤ አጥንቶቹን በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ እያስቀመጥኩ፣ አንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ሁለት ሦስተኛ ያህል እንዲደራረብ አድርጌ ከየአቅጣጫው አነሣኋቸው፤ የቀረውን የፎቶግራሜትሪ፣ ማለትም ከብዙ ፎቶዎች ባለ ሦስት አውታር ሞዴል የሚሠራው፣ ሶፍትዌር ሠራው።

ጥፋቱ የተፈጸመው በአንዲት ማስመሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አጥንቶች ሳነሣ ከጎናቸው ማስመሪያ አስቀምጬ ነበር። ወጪውን የሸፈነው መሥሪያ ቤት የሰጠኝ መመሪያ ግን ከቅርሱና ከጥቁሩ ጨርቅ በቀር በምስሉ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይታይ ያዝዛል። ሥራውን ሊያዩ የመጡት ኃላፊም ማስመሪያዋን በጣታቸው እያመለከቱ «ይህቺ ውበቱን ታበላሻለች» አሉኝ፤ እኔም ሳልከራከር አነሣኋት። ዛሬ አልወቅሳቸውም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ለምን እንዳስቀመጥኳት ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ፎቶግራሜትሪ ከፎቶ የሚያወጣው ቅርጽን እንጂ መጠንን አይደለም። ትንሽ ነገር ከቅርብ፣ ትልቅ ነገር ከሩቅ ቢነሡ ለሶፍትዌሩ አንድ ናቸው። ሲቲ ስካን ከዚህ ይለያል፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ስፋት በሚሊ ሜትር ከምስሉ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተቀርጻ፣ በ2016 የትከሻዋና የጉልበቷ ሞዴሎች ለሕዝብ ሲለቀቁ፣ ያወረዳቸው ሰው የእውነተኛውን አጥንት መጠን አብሮ አግኝቷል። የእኔ ሞዴሎች ግን መጠን የሚሰጣቸው ሰው ይፈልጉ ነበር፤ እኔም ከአሮጌው የስብስብ መዝገብ ሰጠኋቸው። መዝገቡ ለአንድ የራስ ቅል «ርዝመት 180 ሚሊ ሜትር» ሲል፣ በሞዴሉ ላይ ከፊትና ከኋላ ሁለት ነጥቦች መርጬ በመካከላቸው ያለውን ርቀት 180 አደረግሁ። ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ሥራው ለሕዝብ ከተከፈተ ሁለት ወር ሳይሞላ አንዲት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ጻፈችልኝ። አንድ የራስ ቅልና የዚያኑ ሰው መንጋጋ አውርዳ ልታገጣጥማቸው ብትሞክር እምቢ ብለዋታል፤ የመንጋጋው ሁለት ጉብታዎች ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ባሉት ጎድጓዳዎች ውስጥ መቀመጥ ሲገባቸው ወደ መሐል ተሰብስበው ቀሩ። መለያ ቁጥር የተቀያየረ መስሎኝ ተሯሯጥኩ፤ ነገር ግን የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች ተፋጭተው ያለቁበት ሁኔታ የአንድ ሰው መሆናቸውን ይመሰክር ነበር።

ነገሩ የገባኝ የመዝገቡን የመግቢያ ገጾች ሳነብ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሜ ላነባቸው ይገባኝ የነበሩት ገጾች ናቸው። መዝጋቢው የራስ ቅልን የለካው በቅንድቦች መካከል ካለው ነጥብ ነው፤ እኔ የመረጥኩት ግን የአፍንጫውን ሥር ነበር። በዚያ የራስ ቅል ላይ ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም 176ን 180 አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ከ2 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ስህተት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሦስቱም አቅጣጫ ሲባዛ ይዘቱን በ7 በመቶ ያህል ያሳድገዋል፤ 1,400 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የራስ ቅል ወደ 1,500 ያስጠጋዋል። መንጋጋው በራሱ ልኬት ስለተሠራ ትክክለኛ ነበር፤ ያበጠው የራስ ቅሉ ነው። የጭን አጥንቶቹማ የባሱ ነበሩ። የጭን አጥንት ሁለት ርዝመት አለው፤ አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ረጅሙ ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው በጉልበት በኩል ያሉት ሁለቱም ጉብታዎች የመለኪያውን ሰሌዳ ሲነኩ የሚገኘው ነው፤ መዝገቡም የትኛውን እንደያዘ አይናገርም።

ለማረም የሚያስፈልገኝ ካሊፐር (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ይዤ ማከማቻው ውስጥ አንድ ቀን መዋል ብቻ ነበር። ፈቃዴ ግን «ለአንድ ጊዜ ቀረጻ» ስለሚል፣ መለካት ቀረጻ አይደለም ብዬ ብከራከርም፣ አዲስ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤው ለአምስት ወራት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ቆየ።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ ማስመሪያውን ከምስሉ አታውጡ። ለተመልካች የሚታየውን ሞዴል ስታዘጋጁ ቆርጣችሁ ልታስወግዱት ትችላላችሁ፤ ያልነበረውን ግን ልትጨምሩ አትችሉም። እንዲያውም ሁለት አስቀምጡ፤ በአንዱ መጠን ስጡ፣ በሌላው አረጋግጡ። ኦቢጄና ኤስቲኤል የሚባሉት የፋይል ዓይነቶች ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ይሁን ሜትር እንደማይናገሩ ዕወቁና አሃዱን ለብቻው ጻፉ። መመሪያው አብዝቶ የሚያሞግሰው የሞዴል ጥራት፣ የሞዴሉ ገጽ የሚገነባባቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሦስት ማዕዘኖች ሁሉ ጨምሮ፣ ሊለካ በማይችል አጥንት ላይ ጌጥ ነው።

ፈቃዱ ሲመጣ ከ62ቱ 53ቱን ለክቼ አረምኩ። ዘጠኙ በዚያ መካከል ለዘመዶቻቸው ተመልሰው ተቀብረዋል። ዘመዶቻቸው ሞዴሎቹ ለጥናት ብቻ እንዲቆዩ ፈቅደው ነበር፤ እኔም ሄጄ የተውልን ምስል መጠኑ የተሳሳተ መሆኑን ነገርኳቸው። አሁን በእነዚያ ዘጠኝ ሞዴሎች ሥር «ለልኬት አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።