አንድ ቁጥር፣ ብዙ መስመር

በእኛ ድርጅት አብዛኛው ትእዛዝ የሚመጣው በስልክ ነው። አንዱን ደንበኛ እያነጋገርን ሌላው ሲደውል መስመሩ ተይዞ ያገኘዋል፤ እንዲህ ያጋጠመው ሰው ደግሞ ሌላ ዘንድ ይደውላል እንጂ አይጠብቅም። መስመር መጨመር ግድ ሆነ።

ለየሠራተኛው የየራሱን ቁጥር የማውጣት ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ አልተቀበልኩትም። ደንበኛ የሚይዘው አንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በአንድ ጊዜ ስንት ጥሪ ማስተናገድ አለበት የሚለው ነው ወሳኙ ጥያቄ። ምንም ሳልገዛ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ስንት ሰው አብሮ እንደሚደውል በወረቀት መዘገብኩ። ስምንት ሠራተኞች ብንሆንም ከአራት በላይ ጥሪ አልተገጣጠመም። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሠራ አንድ ቁጥር ከስድስት የጥሪ መስመር ጋር ተከራየሁ፤ ጥሪውን ተቀብሎ ለየስልኩ የሚያከፋፍለውን ማዞሪያም አስተሪስክ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አቆምኩ። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ በመሆኑ ለሚያጋጥመው አብዛኛው ችግር መፍትሔው ተጽፎ ይገኛል።

ብዙ የደከምኩት ለድምፁ ጥራት ነው። ድምፅን ወደ ዲጂታል በሚቀይረው፣ በተለመደው ጂ.711 አሠራር አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ስድስቱ ተደምረው እንኳ ከ600 አይበልጡም። ታዲያ ኢንተርኔቱ በቂ ሆኖ ሳለ ድምፁ ለምን ይቆራረጣል? አንዲት ባልደረባችን ከደንበኛ አድራሻ ስትቀበል የቤት ቁጥሩ መካከል ላይ ተውጦ ቀረ፤ በዚያው ቅጽበት ከጎኗ ያለው ኮምፒውተር ከባድ ፋይል እየላከ ነበር። ድምፁ ከፋይሉ ኋላ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል ማለት ነው። ኢንተርኔቱን ለየመሣሪያው የሚያከፋፍለው ራውተር ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ ሳደርግ ችግሩ ተወገደ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከተናጋሪው እስከ ሰሚው ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይመክራል፤ ጥራቱን የምለካው በዚህ ነው። አንዱ ሰምቶ ሌላው የማይሰማ ከሆነ ደግሞ በራውተሩ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባለውን፣ ራውተሩ የጥሪ መልእክቶችን በራሱ የሚለውጥበትን ማስተካከያ ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ጥሪው ሲገባ ስልኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲጮኽ አላደረግኩም፤ ሁሉም ሲጮኽ እያንዳንዱ ሌላው ያነሣዋል ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ ሁለት ስልኮች ይጠራሉ፣ ካልተነሡ ከ15 ሰከንድ በኋላ የቀሩት ይከተላሉ። «ለዚህ አንድን፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ» የሚል ረጅም ቅጂም አላስገባሁም። የደወለ ሰው ሰው ማነጋገር ነው የሚፈልገው፤ ይህን አጥብቄ አምንበታለሁ።

የድሮው የመዳብ መስመር ኃይሉን ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ የኢንተርኔት ስልክ ግን አብሮ ይሞታል። ለራውተሩም ለማዞሪያውም የኃይል ማቆያ ባትሪ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ጥሪው ወደ ሞባይል የሚዞርበት ትእዛዝ በአገልግሎት ሰጪው በኩል ይቀመጥ፤ ቢሮ ባለው ማዞሪያ ላይ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ትእዛዙም አብሮ ይጠፋል።

የይለፍ ቃሉም ቀላል አይሁን። አጭበርባሪዎች ደካማ የይለፍ ቃል ያለውን የውስጥ ስልክ እያሰሱ በባለቤቱ ሒሳብ ወደ ውጭ አገር ይደውሉበታል። እኛ ዘንድ የውጭ አገር ጥሪ የተፈቀደው ለአንድ ስልክ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ተዘግቷል።