ቤቷን ያየ ዋስ

2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። የጀማሪ መነሻ ደመወዝ 750 ብር ገደማ በሆነበት ጊዜ፣ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦና ከከምባታ የመጣን አሥራ ሁለት ሴቶች በወር የመቶ ብር ዕቁብ ጀመርን። ዳኛዋ እኔ።

ሁለተኛዋ ባለዕጣ 1,200 ብሯን ተቀብላ በሳምንቱ ከሥራ ቀረች። ስልኳም ዝግ ነው። የየት አገር ልጅ እንደነበረች አልጽፍም፤ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረምና ይበቃል። እኔን የገረመኝ «ቤቷ የት ነው?» ስል፣ ስምንት ወር አጠገቧ ተቀምጠው ከሰፉት አንዷም አለማወቋ ነው። የአገሯ ልጆች ሳያውቁ አይቀሩም። ግን ዋስ ያደረጋቸው የለም፣ ለምን ብለው ይናገሩ?

ዕቁቡ ፈረሰ። ብዙም ሳይቆይ በየቋንቋው ትንንሽ ዕቁብ ተቋቋመ። ምን ችግር አለው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ነገሩ ወደ ስፌቱም ይዛመታል። ድሮ ኮሌታ የምትሰፋዋ ሽንት ቤት ስትሄድ ጎረቤቷ ትይዝላት ነበር፤ አሁን እጇን አጣጥፋ ታያለች። ኮሌታዋ ጋ ሥራ ይቆለላል፣ ቀጥላ ያለችው ባዶ ማሽን ታቅፋ ትቀመጣለች።

በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ካምፓላ ውስጥ የተሠራ ጥናት አነበብኩ። የአንድ ብሔር ሰዎች የሚተባበሩት ይበልጥ ስለሚተሳሰቡ ሳይሆን፣ ያጠፋውን ፈልጎ ማግኘትና መጠየቅ ስለሚቀላቸው ነው ይላል። እኛ በ1,200 ብር የተማርነውን።

ዕቁቡን ስንመልሰው አንድ ደንብ ጨመርኩ፦ ዋስሽ የአገርሽ ልጅ አትሁን፤ ቤትሽን ያላየችም ዋስ አትሆንም። እሑድ እሑድ በየኪራይ ቤቱ ቡና መጠራራት ተጀመረ። አንዷ የወላይታ ልጅ ሰኞ ጠዋት መጥታ «በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፣ አራት ሆነው ነው የሚኖሩት፣ ቡርሳሜ አበሉኝ፤ ዋሷ ነኝ» ብላ ፈረመች። ፍቅር በፍቅር ሆንን አልልም፤ እንደውም በምሳ ሰዓት አሁንም የሚቀመጡት በየቋንቋቸው ነበር። ኮሌታው ላይ መያያዙ ግን ቀስ እያለ ተመለሰ።

አምስተኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ። እጄን ስዘረጋ ጸሐፊዋ ደብተሩን እንደያዘች «የአንቺስ ዋስ?» አለችኝ። ዞር ዞር ብዬ አየኋቸው። ቤቴን የምታውቅ አንዲት አልነበረችም። ብሩ እስከ እሑድ እሷ ጋ ቆየ።