አንድ ሃይላንድ

«ሲስተር፣ የሰጠሽኝ ነገር ጭራሽ አባሰው እኮ!» አለችኝ አንዲት እናት።

ሰኞ ጠዋት፣ ጤና ጣቢያ፣ የሕፃናት ክፍል። ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው። ቅዳሜም ያየሁት እኔው ነኝ። መጀመሪያ ትውከት፣ ከዚያ ትኩሳትና እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ። አያቱ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብለው ሁለት ቀን አቆይተውታል። ስንቱ ልጅ በዚህ ጥርስ ሰበብ ደርቆ ይመጣል መሰላችሁ! ሰገራው ሲመረመር ምንም አልተገኘም። ሕፃናትን የሚያስቀምጠው ሮታ ቫይረስ ከሆነ በእኛ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ተመራማሪዋ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1973 አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ላይ ያዩትም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በሀገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የሮታ ክትባት በ6 ሳምንቱ ወስዷል፤ የ10 ሳምንቱ ግን ካርዱ ላይ የለም። አንቲባዮቲክ ለቫይረስ አይሠራም። ኦ.አር.ኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

አሁን ዓይኑ ጎድጉዷል። እርግብግቢቱ ገብታለች። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። ውኃ ሳቀርብለት ማንኪያውን ሊነጥቀኝ ደረሰ።

«እንዴት ነው የበጠበጥሽው?»

«እንዳልሽኝ ነዋ። አንዱን ፓኬት በአንድ ሃይላንድ።»

ከፌስታሏ አወጣችው። ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ!

ክው አልኩ። «አንድ ሃይላንድ» ያልኩት እኔ ነኝ። በልቤ የያዝኩት የአንድ ሊትሩን ነው። እሷ ቤት ያለው ትንሹ ነው፤ ምን ታድርግ?

ሮታ ቫይረስ የሚያጠቃው ትንሹ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጣት መሳይ ጥቃቅን ቅጥያዎች ጫፍ ነው። ምግብና ውኃ የሚመጥጡት ሴሎች እዚያ ናቸው። እነሱ ሲሞቱ ውኃው ዝም ብሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ቫይረሱ አንጀትን ውኃ የሚያስለቅቅ መርዝ አለው። የተረፉት ሴሎች ግን ጨውና ስኳር አብረው ሲያገኙ ሁለቱንም ያስገባሉ፤ ውኃም ተከትሎ ይገባል። የኦ.አር.ኤስ ጥበቡ ይኸው ነው። ውኃው አንሶ ሲወፍር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ደም ውስጥም ጨው ያበዛል።

እዚያው በአንድ ሊትር በጠበጥን። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በማንኪያ በማንኪያ ስትሰጠው አረፈደች። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ታገሰችና ቀጠለች። ስምንት ሰዓት ገደማ ቀሚሷን በሽንት አራሰላት። ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ አለ። እናቶች እኔ ፊት በጥብጠው ነው የሚሄዱት። የጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻ መስሏት ሁለቴ ጥላብኛለች።