መንጠቆው የተሰካው ቀዛፊው እጅ ላይ ነበር

ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ እንግዶችን ወደ ዓባይ በረሃ ይዞ በሚወርድ ድርጅት ውስጥ በአስተባባሪነት ስሠራ፣ እንግዶቹ ከመኪና እንደ ወረዱ የማነብላቸው የደኅንነት መመሪያ ነበረኝ። ጀልባ ላይ የሚወጣ እንግዳ የሕይወት አድን ጃኬት ይለብሳል፤ መንጠቆ ሲወረወር ዓይኑን በመነጽር ይከልላል፤ አለት ላይ ሲቆም የማያንሸራትት ጫማ ያደርጋል፤ ያለ አስጎብኚ ውኃ ውስጥ አይገባም። መመሪያው ከውጭ አገር የመጣና በጥንቃቄ የተተረጎመ ነበር። ስለ ቀዛፊው፣ ስለ ተሸካሚው ወይም ስለ ምግብ አብሳይዋ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልነበረበትም፤ ይህንንም አሠሪው፣ እንግዶቹም ሆኑ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንደ ጉድለት ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም።

ድንኳኖቹ የሚተከሉት ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ ወንዙ በጥቁር አለት መካከል እየጠበበ ወደ ቆላው በሚጠልቅበት ስፍራ፣ በጎጃም በኩል ባለው ዳርቻ ነው። መኪና ከገደሉ አፋፍ አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት በእግር የሚኬድ ሲሆን፣ የጎማ ጀልባው፣ ድንኳኑና የምግቡ ዕቃ በአህያና በሰው ትከሻ ይወርዳል። ለአገሬው ሰው አጭር የሆነው መንገድ ለእንግዳ ሽቅቡን ሲመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከታች ሾላውና ዶቅማው ውኃው ላይ አጎንብሶ ጥላ ስለሚሰጥ፣ ጉሬዛውም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስለሚዘል፣ እንግዶች ከደረሱ በኋላ ድካሙን ይረሱታል። ስልክ አይሠራም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነገር ነው፤ እዚያ ታች የሚደርስ ጉዳት በእጅ ባለው ዕቃና በቦታው ባለ ሰው ዕውቀት ካልተያዘ በቀር፣ የሚቀረው ተጎጂውን ሽቅብ ይዞ መውጣት ብቻ ነው።

እንግዶቹ የሚመጡት በዋናነት ለነጭ ዓሣ ነው። በጣና ሐይቅ 15 ያህል ትላልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንዳሉና ከእነዚህም አብዛኞቹ በሌላ ቦታ እንደማይገኙ የዓሣ ተመራማሪዎች በሰፊው ጽፈዋል፤ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴም ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ አግዶታል። እኛ የምንሠራበት ከፏፏቴው በታች ያለው ውኃ የእነዚያ ዘመድ የሆነ፣ ኃይለኛ ፈሳሽ የለመደና መንጠቆ ሲነካው ክሩን አስጩኾ የሚወስድ ነጭ ዓሣ አለው። ክረምት ላይ ሥራ የለም። በዚያ ወቅት ዓባይ የደፈረሰና የሞላ ስለሆነ ዳሩ እንኳ አያስጠጋም፤ ከጣናውም ነጭ ዓሣ ቢሆን ከፊሉ ዝርያ እንደ ግልገል ዓባይና ጉማራ ወደ መሰሉ ገባሮች ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ የእኛ ወቅት ኅዳር ላይ፣ ውኃው ሲጠራ ይጀምራል።

እንግዶቹ የያዙትን ዓሣ ፎቶ አንሥተው መልሰው ይለቁታል። ይህ ነገር ለአካባቢው ሰው ለረጅም ጊዜ የሣቅ ምንጭ ነበር፤ ከባሕር ማዶ ድረስ መጥቶ፣ ገደል ወርዶ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ የያዘውን ለወንዝ የሚመልስ ሰው ምን ዓይነት ስለት ቢኖርበት ነው ይባል ነበር። ይሁንና ዓሣውን ለመልቀቅ መንጠቆው ከአፉ በፍጥነት መውጣት አለበት፤ ያንን የሚያደርገው ደግሞ እንግዳው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ፣ በእርጥብ ባዶ እጁ ዓሣውን ይዞ መንጠቆውን የሚነቅለው ቀዛፊው ነበር።

ቀዛፊያችን በዕድሜ የገፉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ወንዝ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያን ዕለት ጠዋት ከተሳፈሩት ሁለት እንግዶች አንዱ ከእንጨት የተቀረጸና ዓሣ የሚመስል ማታለያ ይጠቀም ነበር፤ ከሆዱና ከጭራው ሥር ሁለት መንጠቆ የተንጠለጠለበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባለ ሦስት ጥርስ ነው። ዓሣው በሆዱ በኩል ያለውን ነከሰና ተያዘ። የጭራው መንጠቆ ሦስት ጥርሱን አግጦ በነፃነት ይወዛወዝ ነበር። ባለ እጀታው መረብ ከዕቃ ሥር ስለነበረ ቀዛፊው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሰደዱ፤ ዓሣው ጀልባው ጠርዝ ላይ ሲገላበጥም ከነፃዎቹ ጥርሶች አንዱ በቀኝ አውራ ጣታቸው ሥር ባለው ወፍራም ሥጋ ውስጥ እስከ ጉብታው ገባ። ዓሣው በአንድ በኩል፣ እጃቸው በሌላ በኩል፣ በአንዲት የእንጨት ቁራጭ ተያይዘው ማለት ነው። ዓሣው በተወራጨ ቁጥር ጥርሱ ሥጋቸውን ይስብ ነበር።

ያደረጉትን በኋላ ላይ አብሯቸው የነበረው ወጣት ረዳት ነግሮኛል። ዓሣውን በግራ እጃቸው ጨምቀው ከጉልበታቸው ጋር አጣበቁት፤ ከዚያም ቀኝ እጃቸውን ከዓሣው ሆድ ሥር ደብቀው ቀና አደረጉትና እንግዳው ፎቶ እንዲያነሣ ጠበቁ። እንግዳው አነሣ፤ አመሰገነም። የሚንጠባጠበውን ደም የዓሣው ነው ብሎ ማሰቡ የሚያስወቅሰው አይመስለኝም። ዓሣው ተነቅሎ ከተለቀቀ በኋላ ቀዛፊው ፊታቸውን አዙረው ረዳቱን ፒንሳ አስመጡና የመንጠቆውን ግንድ ከቆዳቸው እኩል አስቆረጡት፤ ማታለያው አለት ነክቶ እንደ ተሰበረ አስመስለውም መለሱለት። ጫፉ ከነእሾሁ ውስጥ ቀረ። በጨርቅ ጠቅልለውት ቀኑን ሙሉ ቀዘፉ።

ነገሩን ያወቀችው ምግብ አብሳይዋ ናት። በማግስቱ ምሳ ላይ ቀዛፊው ከሁሉም ዘግይተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡና በግራ እጃቸው ቆርሰው ጎረሱ። በግራ እጅ መጉረስ በእኛ ገበታ ማንም ሳያየው የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ ያውም እሳቸውን በመሰለ ወግ አጥባቂ ሰው። እሷም ድስቷን ትታ ወደ እኔ መጣች። ሄጄ ጨርቁ እንዲፈታ ሳደርግ፣ አውራ ጣታቸው እንደ በለስ አብጦ፣ ቅላቱ ወደ እጅ አንጓቸው መሳብ ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርህ ነገ ማን ሊቀዝፍ ነው ልጄ? ሌላ ሰው ልታስጠራ አይደለም?» አሉኝ።

መልሳቸው ስለ እንግዳ ክብር የሚናገር ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የሰሙትም ሰዎች በኋላ ይህን ታሪክ ሲያወሩት የጎጃሜ ጽናትና ጨዋነት ማሳያ አድርገው ነው። ጽናቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ባለፈው ወቅት አንድ ተሸካሚ ቁልቁለቱ ላይ እግሩ ወልቆ የዚያን ቀን ብቻ ተከፍሎት ወደ ቤቱ ተሸኝቷል፤ በማግስቱም ሌላ ሰው በቦታው ገብቷል። ይህ ሲሆን ሁሉም አይተዋል። ሥራው የቀን ሥራ ስለሆነ፣ ቁስልን መናገር ማለት በገዛ አፍ ራስን ማሰናበት ማለት እንደሆነ ከዚያ ተምረዋል።

የሁለተኛው እንግዳ ሙያ የድንገተኛ ሕክምና ርዳታ ነበርና ቁስሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በተሰካበት ሰዓት ቢነገረው ኖሮ፣ ሥጋ ላይ ብቻ የገባ መንጠቆ እንደመሆኑ፣ በደቂቃ ውስጥ ሊያወጣው ይችል ነበር። አወጣጡን በኋላ በብርቱካን ላይ አሳይቶናል። በመጀመሪያ ዓሣውና ማታለያው ከመንጠቆው ይለያሉ፤ ያልገቡት ጥርሶችም በመቁረጫ ይወገዳሉ። ቀጥሎ ጠንካራ ክር በመንጠቆው ጉብታ ዙሪያ ይታጠፋል። የመንጠቆው ግንድ በአንድ ጣት ወደ ቆዳው ተጭኖ ሲያዝ፣ ከጫፉ ወደ ኋላ የተመለሰችው እሾህ ከነከሰችው ሥጋ ትላቀቃለች፤ በዚያች ቅጽበት ክሩ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ያለ ማመንታት፣ በአንድ ጊዜ ይሳባል። ዓይን አጠገብ፣ መገጣጠሚያ ላይ ወይም ጅማት ባለበት ቦታ ከሆነ ግን አይነካም፤ እንዳለ ታስሮ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ የሚጫኑትም ሆነ የሚስቡት ነገር የለም። ቀዛፊው ጉዳታቸውን ለመደበቅ ሲሉ ያስቆረጡት፣ ሊያድናቸው ይችል የነበረውን እጀታ ነው።

ያንኑ ከሰዓት ሽቅቡን ተያያዝነው። በጤና ኬላው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁስሉን በብዙ ውኃና ሳሙና አጥባ ወደ ጤና ጣቢያ ላከችን። እዚያ አደንዝዘው ከፈቱትና ስባሪውን አወጡት፤ በወንዝ ውኃ የቆሸሸ ቁስል ስለሆነ ሳይሰፉት ክፍት አድርገው ጠቀለሉትና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጧቸው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነበር። ቀዛፊው በሕይወታቸው አንድም ክትባት ወስደው አያውቁም። ባለቤታቸው በእርግዝና ጊዜ የወሰደችበት ካርድ አላት፤ ልጆቻቸውም አላቸው። አገራዊው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን ያነጣጠረውም በሕፃናትና በእናቶች ላይ ስለነበረ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ወንድ ብዙውን ጊዜ በመካከል ተዘልሏል። የዓሣ አጥማጆች፣ የገበሬዎችና የግንበኞች ቁስል ደግሞ የሚበዛው በእነዚሁ ወንዶች ላይ ነው። የመጀመሪያውን መርፌ ያኔውኑ ወሰዱ፤ ሁለተኛው ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ እንደሚቀጥል ተነገራቸው።

አሠሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም። የሆነውን ሲሰማ መጀመሪያ ያዘዘው ጓንት ነው። ጓንቱ መጣ፤ ቀዛፊዎቹ ግን መቅዘፊያው እጃቸው ላይ ያንሸራትታል ብለው በሁለተኛው ቀን አወለቁት፤ ልክም ነበሩ። የሠራው መንጠቆውን መለወጥ ነው። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ይዞ መውረድ ቀረ፤ እያንዳንዱ ማታለያ አንድ ባለ አንድ ጥርስ መንጠቆ ብቻ እንዲኖረውና እሾሁም በፒንሳ ተጨፍልቆ እንዲጠፋ ተደረገ። መጥፋቱን የምናረጋግጠው ጫፉን በጥጥ ውስጥ በማሳለፍ ነው፤ ጥጥ ይዞ ከወጣ ገና አልተጨፈለቀም። እንግዶች ዓሣው ያመልጠናል ብለው አጉረመረሙ፤ ክሩን ሳያላሉ የሚስቡት ግን ብዙም አልጎደለባቸውም፤ ዓሣውም ሳይጎዳ ቶሎ ይለቀቃል። መረቡ ከዕቃ ሥር ወጥቶ ከቀዛፊው ቀኝ ተቀመጠ፤ መንጠቆ የሚነቅለውም በረጅም ፒንሳ፣ ዓሣው ከውኃው ሳይወጣ፣ እንግዳው ራሱ ሆነ። መነጽር ጀልባው ላይ ላለ ሰው ሁሉ ተገዛ።

ክፍያውን በሚመለከት የተደረገው ውይይት ግን ረጅም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን፣ ለጊዜው መሥራት ባልቻለባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ሙሉ ደመወዙን እንዲከፍለው ያዛል። አሠሪያችን እነዚህ የቀን ሠራተኞች ናቸው ሲል ተከራከረ፤ እኔ ደግሞ ጉዳዩን ከሕጉ ይልቅ ከኪሱ አንጻር አስረዳሁት። ቀዛፊው በጊዜው ቢናገሩ ኖሮ ወጪው የአንድ ክር ቁራጭ ነበር፤ ባለመናገራቸው ግን ጉዞው ተቋርጧል፤ አህያ ተከራይቷል፤ የእንግዶቹ ገንዘብ በከፊል ተመልሷል። በመጨረሻ ጉዳቱን በዕለቱ ያስመዘገበ ሰው እስኪድን የቀን ክፍያው እንዳይቋረጥና ቦታውም እንዲጠበቅለት ተስማማን። ቀዛፊውም ያልቀዘፉበት ቀን ሁሉ ተከፍሏቸው ቁስላቸው ሲደርቅ ተመለሱ።

በሚቀጥለው ወቅት መካከል አሠሪው የጉዳት መዝገቡን አገላብጦ ተቆጣ። ድሮ ገጹ ባዶ የነበረው መዝገብ ሞልቶ ስላገኘው፣ ሰዎቹ ክፍያ ስላለ መታመም አበዙ የሚል ጥርጣሬ አድሮበት ነበር። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አነበብነው፤ ተረከዝ ውስጥ የገባ የግራር እሾህ፣ በጀበና የተቃጠለ ክንድ፣ በገመድ የተላጠ መዳፍ፣ አህያ የረገጠችው ጣት፤ አብዛኞቹ በዚያው ቀን ታጥበው ታስረው ወደ ሥራ የተመለሱ ነበሩ። ሥራ ያስቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በሁለተኛው ቀን ተመልሷል። አሠሪው መዝገቡን ዘጋና ለጀበናው ረዘም ያለ እጀታ እንዲገዛ ፈረመ።